አስቸኳይ፦ የቫይታሚን ዲ ጠብታ ዛሬ ማታ ምን ያህል ልስጠው?

እመ ሕፃን፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ልጄ በደም ምርመራ የቫይታሚን ዲ እጥረት ስለተገኘበት ሐኪሙ በቀን 1 ሚሊ ሊትር እንድሰጠው አዝዘዋል። ያዘዙት መድኃኒት በየፋርማሲው ስለጠፋ እኅቴ ከአሜሪካ በሰው እጅ የላከችው ጠርሙስ ዛሬ ደረሰኝ፤ ነገር ግን በላዩ «አንድ ጠብታ 400 ዩኒት» ተብሎ ተጽፏል። ሐኪሙን በስልክ ላገኛቸው አልቻልሁም፤ የልጁም መኝታ ሰዓት ደርሷል።

አያት ከደሴ፦ ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት ራቁቱን ፀሐይ አሙቂው። ልጆቻችንን ያጠነከርነው በዚሁ ነው።

ነዋሪ በኦስሎ፦ ምርመራው ቢደገም መልካም ይመስለኛል። እኛ ባለንበት አገር በክረምት ፀሐይዋ ስለምትደክም ቆዳችን ቫይታሚኑን አይሠራም፤ እናንተ ጋር ግን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ሞልቶ ሳለ እጥረት እንዴት ይመጣል?

የሕክምና ተማሪ፦ ፀሐይ በሰማይ መኖሩና የሕፃኑን ቆዳ ማግኘቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብርድንና ዓይነ ሰውን በመፍራት ሕፃኑን ጠቅልለን ቤት እናውለዋለን፤ በመስታወት በኩል የሚገባው ብርሃን ደግሞ ቫይታሚኑን የሚያሠራው ጨረር ስለሚጎድለው አይጠቅምም፤ የእናት ጡት ወተትም በቂ ቫይታሚን ዲ የለውም። በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በወጣ የኢትዮጵያ ጥናት፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል በ210ሩ ላይ የአጥንት መልፈስፈስ፣ ማለትም ሪኬትስ ሲገኝ፣ የሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ግን የተገኘው በ20ው ላይ ብቻ ነበር። ስለዚህ ውጤቱን አልጠራጠርም።

እናት ከሐዋሳ፦ እኔም የምለው ፀሐይ ነው፤ የእኔ ልጅ በእርሱ ድኗል።

ፋርማሲስት፦ እመቤቴ፣ ከዚህ ጠርሙስ 1 ሚሊ ሊትር እንዳትሰጪው እለምንሻለሁ። አንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ጠብታ በላይ ስለሚሆን፣ 400 ዩኒት በጠብታ ከሆነ በአንድ ጊዜ ከ8,000 ዩኒት በላይ ትሰጪዋለሽ ማለት ነው። ሐኪሙ 1 ሚሊ ሊትር ያሉት በሌላ ጥንካሬ የተዘጋጀ መድኃኒት አስበው ይሆናል፤ በሚሊ ሊትር 400 ዩኒት የያዙም አሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2010 እ.ኤ.አ. ስለ ሕፃናት የቫይታሚን ዲ መስጫ ያስጠነቀቀው በዚህ ዓይነቱ ስሕተት ምክንያት ነው። ቫይታሚኑ በሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ የዛሬው ቢቀር ልጁን አይጎዳውም። ነገ ጠርሙሱንም የሐኪሙን ወረቀትም ይዘሽ ሂጂና መጠኑ በዩኒት እንዲጻፍልሽ ጠይቂ። ቀደም ብለሽ ሰጥተሽው ከሆነና ቢያስመልሰው፣ መብላት ቢያቆም ወይም ከልክ በላይ ውኃ ቢጠማው ግን ሳትዘገዪ ወደ ጤና ተቋም ውሰጂው።

ነዋሪ በኦስሎ፦ ስለ መስታወቱ አላውቅም ነበር፤ ግን እድሜው ስንት ነው? መጠኑ በእድሜ አይለያይም?

ፋርማሲስት፦ ይለያያል። ለመከላከል ለጨቅላ በቀን 400 ዩኒት ሲሆን፣ ሪኬትስ ለያዘው ሕፃን የሚታዘዘው ከዚያ በብዙ ይበልጣል፤ ስለዚህ እድሜውንና የምርመራውን ቁጥር ሳታሳውቂን ከእኛ ማናችንም መጠን አንወስንልሽም። እመ ሕፃን፣ እስካሁን ሰጥተሽዋል ወይስ አልሰጠሽውም?