ለአነስተኛ ንግድ የሚሆን ቤት በአዳማ፦ የውሉን ዘመን ሕግ ይወስን?

የልብስ ሰፊዋ፦
የተከበራችሁ የአዳማ ነጋዴዎችና አከራዮች፣ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ተከራይ ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል እንዲኖረው፣ የኪራይ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል ይፋ ከሚያደርገው መጠን እንዳያልፍ ደንግጓል፤ የንግድ ቤትን ግን አይመለከትም። እኔ ለንግድ ቤትም ቢያንስ የሦስት ዓመት ውል በሕግ ሊወሰን ይገባል እላለሁ። ፖስታ ቤት አካባቢ ጠባብ ክፍል ስከራይ ያየሁት የአላፊ አግዳሚውን ብዛት ብቻ ነበር። ወለሉን ሴራሚክ አስነጠፍኩ፣ መደርደሪያና የመለኪያ ክፍል አሠራሁ፤ ደንበኛ ለምዶኝ ሥራው ሲቃና ግን በዓመቱ ኪራዩን እጥፍ ክፈይ፣ አለዚያ ልቀቂ ተባልኩ። ቤቱን ያስወደደው የእኔ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ተጨማሪውን የምከፍለው እኔው መሆኔ ፍትሕ አይመስለኝም።

ጡረተኛው አከራይ፦
ልጄ፣ የደረሰብሽ ያሳዝናል። ይሁን እንጂ እኔ ሁለቱን ሱቆች የሠራሁት በጡረታ ገንዘቤና በብድር ነው፤ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ በየጊዜው ሲንር ኪራዬ ለሦስት ዓመት ታስሮ ይቆይ ከተባለ፣ ሊመጣ የሚችለውን ጭማሪ ሁሉ ገና ውል ስንዋዋል በመጀመሪያው ዋጋ ላይ ለመደመር እገደዳለሁ። የአንድ ዓመት ቅድሚያ ክፍያም እጠይቃለሁ። ያን ጊዜ የሚጎዳው ለሥራ ማስጀመሪያ ጥቂት ብር ያጠራቀመው ወጣት ነው።

የምግብ ቤቱ ባለቤት፦
ጋሽዬ ያሉት እውነት አለው፤ እኔ ግን ሌላ ሥጋት አለኝ። ቀድሞ ሞጆ ላይ በአሮጌው መንገድ ዳር ምግብ ቤት ነበረኝ። ከአዲስ አበባ ዳር ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ አዳማ የሚደርሰው የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ሲከፈት፣ በደጄ ቆሞ ምሳ ይበላ የነበረው መንገደኛ አብዛኛው በአዲሱ መንገድ ማለፍ ጀመረ። የሦስት ዓመት ግዴታ ቢኖርብኝ ኖሮ የባዶ ቤት ኪራይ ስከፍል በከረምኩ ነበር። ስለዚህ ዛሬ አዳማ ላይ የመረጥኩት ቤት ከአስፋልቱ ገባ ያለ፣ በአቅራቢያው መሥሪያ ቤቶችና ጋራዦች ያሉበት፣ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው የሚያገኘው ነው። መንገደኛ በመንገዱ ይሄዳል፤ የሰፈር ሠራተኛ ግን ነገም እዚያው ነው።

የልብስ ሰፊዋ፦
ወንድሜ፣ ግዴታው እኩል ይሁን አላልኩም። ለረጅም ጊዜ መታሰር ያለበት አከራዩ ነው፤ ተከራዩ በሁለት ወር ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ቢፈቀድለት ያነሣኸው ሥጋት ይወገዳል።

የሒሳብ ባለሙያዋ፦
ሁላችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። ብዙ ተከራይ አከራዩ የኪራይ ገቢ ግብር እንዲቀንስለት ሲል ከሚከፍለው ያነሰ ዋጋ በውሉ ላይ እንዲጻፍ ይስማማል። በወር 20,000 ብር እየከፈለ ውሉ 8,000 ብር ካለ፣ ቀሪውን 12,000 ብር በማስረጃ አስደግፎ ወጪ ሊያስይዘው አይችልም፤ ግብር የሚከፍለው በትርፉ ላይ ከሆነም ያላገኘውን ትርፍ እንዳገኘ ሆኖ ይከፍላል። የጭማሪ ገደብ ቢወጣም ክርክሩ የሚጀምረው ከተጻፈው 8,000 ብር ነውና አከራዩ ጭማሪውን ከውሉ ውጭ ይቀበለዋል። እህቴ የምትጠይቀው ሕግ እውነተኛ ውል የሌለውን ሰው ሊያድነው አይችልም።

ቤት ስለ መምረጥም ልጨምር፤ ብዙዎች ከደላላ ጋር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻ አይተው ይፈርማሉ። አዳማ በኮረብታዎች የተከበበች ዝቅተኛ ቦታ ላይ ስላለች በክረምት ጎርፍ የሚወርድባቸው ሰፈሮች አሏት፤ በጥር የታየ ቤት በሐምሌ ዕቃ የሚያበላሽ ሊሆን ይችላል። የግድግዳውን የውኃ ምልክት መመልከትና ጎረቤት መጠየቅ ያስፈልጋል። ዳቦ ለመጋገር ወይም ብረት ለመበየድ የሚከራይ ሰው ደግሞ ስሪ ፌዝ ቆጣሪ (ለከባድ ማሽን የሚሆን ባለ ሦስት መስመር የመብራት ቆጣሪ) መኖሩን ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ያረጋግጥ።

ጡረተኛው አከራይ፦
በውሉ ላይ ዋጋ አሳንሶ ስለ መጻፍ የተባለውን አልክድም፤ እኔም ያደረግሁት ነው፣ ትክክልም አልነበረም። ጭማሪው በመቶኛ ተሰልቶ ከመጀመሪያው በውሉ ላይ ይስፈር ቢባል እፈርማለሁ። ተከራዩ በሁለት ወር ማስጠንቀቂያ እየለቀቀ እኔ ብቻ ለሦስት ዓመት እንድታሰር የሚለውን ግን እስካሁን አልተቀበልኩትም።

የልብስ ሰፊዋ፦
ጋሼ፣ ለወለሉና ለመደርደሪያው ያወጣሁት ገንዘብ ከኪራዩ የሚታሰብበት አንቀጽ ከገባ ከሦስት ዓመቱ ወደ ሁለት ልወርድ እችላለሁ።