አስቸኳይ፦ ሜኑው ሊታተም ነው፤ የእንግሊዝኛዋ ጭረት የት ትግባ?

የጣናዋ (ጠያቂ)
እባካችሁ ድረሱልኝ። ማተሚያ ቤቱ የሚጠብቀኝ እስከ 11 ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ማሽን ይገባል። የአክስቴ ምግብ ቤት ሜኑ ነው። ጠዋት ቁርስ ሲበላ የነበረ አንድ የውጭ አገር እንግዳ ናሙናውን አይቶ ሳቀ፣ በእስክሪብቶም እዚህም እዚያም ከበበበት። ምኑ እንዳሳቀው ሳይነግረን ሒሳቡን ከፍሎ ሄደ። ነገሩ ከኤስ ፊት ከላይ የምትንጠለጠለዋ ጭረት እንደሆነች ገምቻለሁ፤ ግን የቷን ላጥፋ፣ የት ልጨምር? የተከበቡት እነዚህ ናቸው። (እንግሊዝኛውን በፊደል የጻፍኩት የዚህ የውይይት ቤታችን ደንብ ስለሆነ ነው።)
በርገር’ስ፣ ድሪንክ’ስ
“ፍሬሽ” ፊሽ ፍሮም ሌክ ታና
ፋስት ፉድ (ይህ የጾም ምግቦቹ ርዕስ ነው)
ኦል ፕራይስስ ኢንክሉድስ 15% ቫት
ኦፕን ኤቭሪዴይ 1–3

ቀይ እስክሪብቶ
ብዙ ቁጥር ጭረት አይፈልግም። በርገርስ፣ ድሪንክስ፤ ከሁለቱም ላይ አጥፊ። ጭረት የምትገባው ወይ ባለቤትነት ሲኖር ነው፣ ወይ ፊደል ሲዋጥ፤ «ዱ ኖት» «ዶንት» ሲሆን እንደምታይው። ሌሎቹን መስመሮች በኋላ አያቸዋለሁ፣ አሁን ስብሰባ ላይ ነኝ።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ ይህ ስሕተት የአንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ። እንግሊዞች ራሳቸው «የአትክልት ሻጮች ጭረት» ብለው ስም አውጥተውለታል፤ የቲማቲምና የሙዝ ዋጋ በሚጻፍባቸው ሰሌዳዎች ላይ ስለሚበዛ ነው። ጭረቷ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የገባችው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን መጀመሪያ የተዋጠ ፊደል ምልክት ነበረች። ጆን ሪቻርድስ የተባሉ ጡረታ የወጡ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ2001 ለእርሷ ጥብቅና የሚቆም ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ በ2019፣ በ96 ዓመታቸው፣ አላዋቂነትና ስንፍና አሸንፈዋል ብለው ዘጉት። ኮማም ቀላል ነገር አይደለችም። በአሜሪካ ሜን ግዛት የአንድ የወተት ድርጅት ሾፌሮች የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጠይቀው ፍርድ ቤት ቆሙ። በሕጉ ዝርዝር ውስጥ ከ«ወይም» በፊት ኮማ ባለመኖሯ አንቀጹ ለሁለት ትርጉም ክፍት ሆነ፤ ሾፌሮቹ ረቱ፣ ድርጅቱም በ2018 አምስት ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ስለዚህ በሜኑሽ ላይ «ከሩዝ፣ ከሰላጣ ወይም ከድንች ጋር» የሚል መስመር ካለ፣ እንግዳው አንዱን ይመርጣል ወይስ ሩዙ ለሁሉም ይቀርባል የሚለው በግልጽ ይለይ።

ሥራ ፈት
ልጅቷ ጭረት ጠየቀች፣ መምህር ፍርድ ቤት አቆሟት።

አገሬው
እኔ የማልስማማው ከሥሩ ነው። ሜኑ በእንግሊዝኛ ለምን ይጻፋል? ተጋቢኖ ሽሮን የትኛው ሰዋስው ይችለዋል? ፎቶ አድርጉበት፣ ከሥሩ ዋጋውን ጻፉ፣ አለቀ።

የጣናዋ
ወንድሜ፣ ደንበኞቻችን ገዳማቱን ጎብኝተው ከጀልባ የሚወርዱ እንግዶች ናቸው። ፎቶ ማንሻ ጊዜም የለኝም፣ እባክህ። መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የሩዙን መስመር አይቼዋለሁ። ሌሎቹስ?

ለብለብ
«ፍሬሽ» ከጥቅስ ምልክት ውስጥ በአስቸኳይ ይውጣ! እኛ ቃሉ ጎላ እንዲል ብለን በጥቅስ እናስገባዋለን፤ እነርሱ ግን «ተብዬ» አድርገው ነው የሚያነቡት። እንግዳው ያነበበው «ትኩስ ተብዬው ዓሣ» የሚል ነው። ባይስቅ ነበር የሚገርመኝ። ማጉላት ከፈለጋችሁ ፊደሉን አወፍሩት። ደግሞስ የምን «ፊሽ» ብቻ ነው? ቀረሶ ከሆነ «ቲላፒያ» በሉት፤ ፈረንጅ ዓሣውን በስሙ ይጠይቃል።

ሰላም ለሁሉ
ብዙ ቁጥር ላይ ጭረት አይገባም፤ በርገርስ፣ ድሪንክስ ብለሽ ጻፊ።

ሥራ ፈት
ይህ ከላይ ተነግሯል። እኔ የምፈራው ለፋስት ፉዱ ነው። ሰውየው በርገር በአምስት ደቂቃ ይደርሳል ብሎ ሲጠብቅ አተር ክክ ይቀርብለታል።

ማርታዊት
ቀልዱ እውነት አለው። «ፋስት ፉድ» ማለት ፈጣን ምግብ ነው። የጾሙ «ፋስቲንግ ፉድ» ይባላል፤ ያም ቢሆን ለውጭ ሰው ግራ ያጋባል፣ በእነርሱ አነጋገር ጾም ከነጭራሹ አለመብላት ነውና። ከሥሩ በትንሽ ፊደል «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት» ብለሽ በእንግሊዝኛ አብራሪው። ብዙዎች «ቪጋን» ብለው ይገላገላሉ፤ ዓሣውን ከጾም ምግቦቹ ጋር ካሰለፋችሁት ግን «ቪጋን» ውሸት ይሆናል።

አገሬው
ዓሣ በጾም ይበላል ያለው ማነው?

ማርታዊት
እኔ አላልኩም፤ ካለ ነው ያልኩት።

አገሬው
መጠየቅ አለበት። በእኛ ቤት በሁዳዴ ዓሣ አይገባም።

የቤቱ አስተዳዳሪ
የጾሙ ክርክር እዚህ ይቁም፤ በስሙ ሌላ ርዕስ ክፈቱለት።

ሰዓት ቆጣሪ
ሁላችሁም ጭረት ላይ ተንጠልጥላችሁ ትልቁን ነገር አለፋችሁት። «1–3» የተባለው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3። እንግዳው የሚያነበው ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት ብቻ የሚከፈት ቤት ብሎ ነው። አሥራ አራት ሰዓት የምትሠሩትን ሁለት አድርጋችሁታል። በእነርሱ አቆጣጠር ከ7 ኤኤም እስከ 9 ፒኤም ብላችሁ ጻፉ። «ኤቭሪ» እና «ዴይ» ደግሞ ይለያዩ። ተለያይተው ሲጻፉ «በየቀኑ» ማለት ነው፤ ሲጣበቁ «የአዘቦት፣ ተራ» የሚል ቅጽል ይሆናሉ። የታክሱ መስመር ላይ ከ«ኢንክሉድ» ኤሷን አንሺ። በአማርኛ ዋጋው ብዙ ሲሆን ግሱም «ያካትታሉ» ብሎ ስለሚበዛ እጃችን ኤስ ይጨምራል፤ በእንግሊዝኛ ግን ስሙ ኤስ ከያዘ ግሱ ይተዋል።

የጣናዋ
ተባረኩ ሁላችሁም! ሁሉንም አስተካከልኩ። ጭረቶቹንም አንድ ሳላስቀር አጠፋሁ፣ ከሽፋኑም ላይ። አሁን ልልከው ነው።

ቀይ እስክሪብቶ
ከስብሰባ ወጣሁ። ሽፋኑ ላይ ምን ነበር?

የጣናዋ
የቤቱ ስም ነዋ። የአክስቴ ስም፣ ከዚያ ጭረትና ኤስ፣ ከዚያ «ኪችን» የሚል። ብዙ ቁጥር ጭረት አይፈልግም ስላላችሁ አነሳኋት።

ቀይ እስክሪብቶ
ኧረ መልሻት! እርሷ ትክክል ነበረች፤ ወጥ ቤቱ የአክስትሽ ነው፣ ያ ባለቤትነት ነው። ስታጠፊያት የብዙ አክስቶች ስም ሆነ።

ሰዓት ቆጣሪ
እህቴ፣ ሳትልኪው በፊት አንብቢው። 11 ሰዓት ሊሞላ ደቂቃዎች ነው የቀሩት።

ማርታዊት
ስልክ ደውዪላቸው፤ ፋይሉ ተልኮም ቢሆን ሽፋኑ ብቻውን ሊያዝ ይችላል።

ሰላም ለሁሉ
ባለቤትነት ላይ ጭረት ይገባል።

ባለ ጋራዡ
በዚሁ ልጠይቅ። በመጋዘኔ በር ላይ «ስታፍስ ኦንሊ» የሚል ጽሑፍ አለኝ፤ ይህን ሳነብ ተጠራጠርኩ።

ጡረተኛው መምህር
ጥሩ ተጠራጠርክ። «ስታፍ» ያለ ኤስም ሠራተኞቹን በጠቅላላ ይጠራልና ኤሷ ትውጣ። «ኢንፎርሜሽን» እና «ኢኩዊፕመንት» ላይም ኤስ አይጨመርም፤ እነዚህ በእንግሊዝኛ የማይቆጠሩ ስሞች ስለሆኑ ነው። ይህን በሰፊው ለማስረዳት ግን መነሻውን ማየት ያስፈልጋል፤ በጥንታዊው እንግሊዝኛ

ሥራ ፈት
መምህር፣ ሰውየው ጋራዥ አለው።

ባለ ጋራዡ
ተለጣፊ ፊደል ነው፤ የመጨረሻዋን ኤስ ላጥኳት። «ስታፍ» ከ«ኦንሊ» ትንሽ ራቀ እንጂ ሆኗል።