«መምህር፣ የላኩልን ፋይል ባዶ ነው» አለኝ ተማሪዬ፤ ምን ላድርግ?

የታሪክ መምህሩ
ሰላም ለሁላችሁም። ዘንድሮ ክፍሌ ውስጥ ሁለት ዓይነ ስውራን ተማሪዎች አሉ፤ ሁለቱም ላፕቶፕ ላይ በኤንቪዲኤ (ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) ነው የሚያነቡት። 62 ገጽ ሃንድአውት በፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩ። በማግስቱ አንደኛው መጥቶ «ባዶ ነው» አለኝ። እኔ ስከፍተው ጢም ብሎ የተጻፈ ነው፣ እሱ ጋ ጭጭ። የወርዱን ፋይል ስሰጠው ደግሞ ማንበቡን አነበበ፣ ግን ኢርፎኑን ተቀብዬ ስሰማው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው እየደባለቀ የሚያወራው። ስክሪኑ ላይ ግን ጥርት ያለ አማርኛ! ፈተና 3 ሳምንት ነው የቀረው። ኮምፒውተር ላይ ብዙም ስላልሆንኩ ቀለል አድርጋችሁ ንገሩኝ።

ጆሮ ጠገብ
መምህር፣ እኔም ዓይነ ስውር ነኝ፣ የተማሪህ ነገር በደንብ ይገባኛል። ሁለቱ ፋይሎች በሽታቸው የተለያየ ነው።

ፒዲኤፉ ስካን ነው፣ ማለትም የወረቀት ፎቶ። በማውዝ አንድ ቃል ለመምረጥ ሞክር፤ እምቢ ካለህ ለኤንቪዲኤም ፊደል የለውም።

የወርዱ ችግር ፎንቱ ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጠው የኮምፒውተር የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የወጡት ፎንቶች በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ ያስቀምጡ ነበር፣ ያኔ ሌላ መላ አልነበረም። ዓይንህ «ሀ» ያያል፣ ከሥሩ ያለው ግን የእንግሊዝኛ ኮድ ነው፣ እኛ የምንሰማውም እሱን ነው። ሁሉንም ምረጥና ፎንቱን ኤሪያል አድርገው። አማርኛው ከተበላሸ የድሮ ነው፤ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፣ ካልሆነም ኒያላ ወይም አቢሲኒካ በሚባሉት የዩኒኮድ ፎንቶች እንደገና ማስጻፍ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ርዕሶቹን ቦልድ አድርገህ አትለፋቸው፣ ቦልድ ለዓይን ነው። ርዕሱ ላይ ሆነህ ኮንትሮል፣ ኦልትና 1 ስትጫን ሄዲንግ ይሆናል፤ ንዑስ ርዕስ ከሆነ 2። ያኔ ተማሪው ኢንሰርትና ስፔስ ተጭኖ ወደ ብራውዝ ሞድ ይገባል፣ ከዚያ ኤች በተጫነ ቁጥር ከርዕስ ወደ ርዕስ ይዘላል። ባለፈው 140 ገጽ መመሪያ ላከልኝ አንዱ፣ ሄዲንግ የሚባል የለውም። አንቀጽ 27ን ፍለጋ በቀስት ቁልቁል ስወርድ፣ አቦል ሲቀዳ ጀምሬ በረካው ላይ ደረስኩ።

ቁምነገር
ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? በድምፅ ቀድተህ ስጣቸውና ተገላገል።

ጆሮ ጠገብ
@ቁምነገር ክፋት የለውም፣ ግን 3 ሰዓት ድምፅ ውስጥ «ውጫሌ» የምትለዋን ቃል ፈልግ እስቲ። ፋይል ላይ ኮንትሮልና ኤፍ ነው። ለአሳይንመንት አንድ አንቀጽ ኮፒ ማድረግም አለ። አንተ መጽሐፍ ሲሰጥህ «ካሴት ይበቃሃል» ብትባል ደስ ይልሃል?

ጸሐፊዋ
ኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው፣ እኛም አለንበት። ሰንጠረዡን በስፔስ ደርድሬ ለዓይን አሳምሬ ነው የምሰጠው፣ ለካ ለሚሰማው ሰው ዝርክርክ ነው! መምህር፣ ስካኑን እንደገና ከማስጻፍዎ በፊት ጉግል ድራይቭ ላይ ይጫኑትና በጉግል ዶክስ ይክፈቱት፣ የአማርኛ ፊደል ያወጣል። ብዙ ገጽ በአንዴ አይወድም፣ ከፋፍለው ይስጡት። ደግሞ አይመኑት፤ ሰ እና ስ፣ ለ እና ሉ ይምታቱበታል፣ ቁጥር ላይ ደግሞ ጉድ ነው። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ አራት ነጥብን ፡ ሁለቴ መትቼ ብጽፍ ችግር አለው?

ጆሮ ጠገብ
አለው እህቴ። ፡፡ ሁለት ምልክት ነው፣ ። ግን አንድ። የእኔዋ ማሽን ሁለት ነጥቡን ካየች ሳትተነፍስ ነው ወደሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር የምትነዳው። (ገናን በዓሉን ይሁን «ገና ነው»ን መለየትም አቅቷታል፣ እሱ ግን የእናንተ ጥፋት አይደለም።)

የታሪክ መምህሩ
እግዜር ይስጥልኝ። ኤሪያል ሳደርገው እውነትም ተበላሸ፣ የድሮ ፎንት ነው። ስካኑን ጸሐፊዋ እንዳለችው አወጣሁት፣ ርዕሶቹን ሄዲንግ አደረግኩ። ወደ ፒዲኤፍ ልቀይረው ወይስ በወርድ ይቅር? የዓድዋ ካርታም አለ፤ አልት ቴክስቱ (ኤንቪዲኤ በሥዕሉ ፋንታ የሚያነበው መግለጫ) ላይ «ካርታ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ጆሮ ጠገብ
ወርዱን ስጣቸው። ፒዲኤፍ የግድ ከሆነ በፕሪንት አታውጣው፣ መዋቅሩ ይጠፋል፤ በሴቭ አዝ ሂድና ኦፕሽንስ ውስጥ ስለ አክሰሲቢሊቲ የሚለው ላይ ምልክት መኖሩን እይ።

ካርታውን ግን «ካርታ» ብለህ አትሸኘኝ፣ ካርታ መሆኑንማ አውቃለሁ። ክፍል ውስጥ በጣትህ የምታሳያቸውን ጻፈው። ለምሳሌ፦ «የዓድዋ ጦርነት፣ የካቲት 23 ቀን 1888። የጣሊያን ጦር በሦስት ረድፍ ሲገፋ፤ በግራ ያለው የአልበርቶኔ ክፍል ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደፊት ርቋል።» በቃ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር።

የታሪክ መምህሩ
ዛሬ ሰጠኋቸው። ያ «ባዶ ነው» ያለኝ ልጅ እዚያው ፊቴ ኤች ኤች እያለ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ደረሰና ትንሽ አዳምጦ ሳቀ። «መምህር፣ ዓድዋ በ1838 ነው እንዴ?» አለኝ። ሦስት ጊዜ አንብቤው አልፌዋለሁ እኮ።