ውርጭ ባለበት ሌሊት ከጋራ ጉድጓድ ውሃ መርጨት ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?

አስተባባሪ፦
ሰላም የጓሮ ሰዎች። ብርዱ ወጣ ብለን ችግኝ ከተከልን በኋላ ነው ውርጩ ያለ ወቅቱ የተመለሰው። ግማሹ ሰው ጠዋት ሲነሳ ቲማቲሙ የፈላ ውሃ የተደፋበት መስሎ ጠበቀው። አራት ሰዎች ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ከጋራው ጉድጓድ ውሃ ሲያርከፈክፉ አደሩና ከሞላ ጎደል አተረፉ። ጠዋት ግን ቧንቧው ጠብ አላለም። አሁን ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንዱ፣ ለውርጭ ብሎ ከጋራ ጉድጓድ መርጨት ጨርሶ ይከልከል የሚል ነው። ሌላው፣ ውሃው የሁላችንም ስለሆነ ማንም ተክሉን እንደፈለገ ያድን ይላል። ተከራከሩ። ስድብ አይፈቀድም። ሽሙጥ ግን ከልክለንም አልሆነልንም።

ችግኝ አፍቃሪ፦
ከረጩት አንዱ እኔ ነኝ፣ አልክድም። ሁለት ወር በመስኮት ሥር ያሳደግኩት ችግኝ በአንድ ሌሊት ሲያልቅ ዝም ብዬ ልይ? ነገሩ ደግሞ አስማት አይደለም። ውሃ በረዶ ሲሆን ሙቀት ይለቃል። አንድ ሊትር ውሃ ሲረጋ 334 ኪሎጁል ያህል ይወጣዋል፣ ቅጠሉን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይዞ የሚያሳድረው ያ ሙቀት ነው። በረዶ ለብሶ ስታዩት የሞተ ይመስላል እንጂ ውስጡ ደህና ነው። ትልልቅ የፍራፍሬ እርሻዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። አባካኝ የምትሉኝ ሰዎች መጀመሪያ ይቺን ተረዱ።

ባልዲ ቆጣሪ፦
ተረድተናል ወንድሜ፣ ግን የነገርከን ግማሹን ነው። ውሃ ሲረጋ ሙቀት ይሰጣል፣ ሲተን ግን ይወስዳል፤ የሚወስደውም ከሚሰጠው ከሰባት እጥፍ በላይ ነው። ንፋስ ከተነሳ ወይም ውሃው መሃል ላይ ከተቋረጠ፣ የተረጨው ችግኝ ካልተረጨው ብሶ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አንዴ ከጀመርክ ፀሐይ ወጥታ በረዶው እስኪቀልጥ ማቆም የለም።

እስቲ እንቁጠር። ቀለል ላለ ውርጭ በሰዓት 3 ሚሊሜትር ያህል ውሃ ያስፈልጋል እንበል። ይህ በአንድ ካሬ ሜትር 3 ሊትር ነው። 8 ሰዓት ከረጨህ 24 ሊትር። መደብህ 100 ካሬ ሜትር ከሆነ 2,400 ሊትር፣ በአንድ ሌሊት፣ ለአንድ ሰው! አሥር ሆነን ብንረጭ 24,000 ሊትር። ጉድጓዱ አንድ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢነጥፍ የሁላችሁም ችግኝ አብሮ ነው የሚሄደው።

ችግኝ አፍቃሪ፦
አልነጠፈም እኮ። አድርሶናል።

ባልዲ ቆጣሪ፦
አራት ስለነበራችሁ ነዋ። ሌሎቻችን ተኝተን ነው ያተረፍንላችሁ።

አሮጌ ቆብ፦
በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በፈረንጅ አቆጣጠር ጥር 2010 ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ፕላንት ሲቲ አካባቢ፣ ብርዱ 11 ቀን ያህል አልለቅ አለ። የእንጆሪ ገበሬዎች ሌሊት ሌሊት የከርሰ ምድር ውሃ እየሳቡ ረጩ። ውሃው 18 ሜትር ያህል ወደ ታች ሸሸ። 750 ገደማ የመኖሪያ ቤት ጉድጓዶች ተቸገሩ፣ መሬቱም ከ140 በላይ ቦታ ላይ ሰመጠ። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ግቢው ሲሰምጥ አስቡት። ልብ በሉ ግን፣ የአካባቢው የውሃ አስተዳዳሪዎች ከዚያ በኋላም መርጨትን አልከለከሉም። ለውርጭ የሚሳበውን ውሃ በ10 ዓመት ውስጥ በ20 በመቶ ለመቀነስ ዕቅድ አወጡ። እኔም ጨርሶ ይከልከል አልልም፣ ልክ ይኑረው ነው የምለው።

ሌሊት ወፍ፦
ለምን በውሃ ትጣላላችሁ? ጭስ እናጭስ። እርጥብ ሣር አቀጣጥሎ መተው ነው፣ ጭሱ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነናል። ነፃ ነው።

ባልዲ ቆጣሪ፦
ሳንባችንስ ነፃ ነው? ጭስ እንደ ጉም አይደለም። የጉም ጠብታ ትልቅ ስለሆነ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ይይዛል። የጭስ ቅንጣት ግን በጣም ደቃቃ ናት፣ ሙቀቱ አልፏት ይሄዳል። ጠዋት ደግሞ ያው ጭስ ፀሐይዋን ይጋርድብሃል። እሳት የሚረዳው በሙቀቱ ብቻ ነው፣ እሱም ትንንሽና ብዙ ሲሆን። የወይን ገበሬዎች በአንድ ሄክታር ከ300 እስከ 500 ትልልቅ ሻማ የሚያበሩት ወደው አይደለም። አንድ ትልቅ እሳት ካነደድክ ሙቀቱ ሽቅብ ይወጣና ቀዝቃዛውን አየር ከዙሪያው ስቦ ያመጣልሃል።

ሌሊት ወፍ፦
እሺ፣ ተውኩት። አንድ ሐሳብ ባመጣ ትምህርት ቤት ገባሁ።

የግርጌው መደብ፦
እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። "ይከልከል" የምትሉትን ሰዎች አንድ በአንድ አየሁ። ሁላችሁም መደባችሁ ዳገቱ ላይ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፣ ሰማይ በጠራና ንፋስ በሌለበት ሌሊት እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል። የሚጠራቀመው እኔ ዘንድ ነው። ይባስ ብሎ ከእኔ በታች ያለው ጥቅጥቅ ያለ አጥር እንደ ግድብ ያቆመዋል። እናንተ ጋ 2 ዲግሪ ሲሆን እኔ ጋ በረዶ ነው። ስለዚህ ክልከላው እናንተን ምንም አያስከፍላችሁም፣ እኔን ግን ሙሉ አትክልቴን። ውሃ ከመከልከላችሁ በፊት የአጥሩን ሥር ክፈቱልኝ፣ አየሩ ይውጣ።

አሮጌ ቆብ፦
ይሄ እውነት ነው። እኔም ዳገት ላይ ነኝ፣ አላሰብኩትም ነበር። የአጥሩ ነገር ከውሃው በፊት ይታይ።

ችግኝ አፍቃሪ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። በመጨረሻ አንድ ሰው ገባው።

ገና ጀማሪ፦
ይቅርታ፣ በክርክሩ መሃል ገባሁ። እኔ ውሃም አልረጨሁም፣ ላስቲክ አለበስኩት፣ ግን ላስቲኩ የነካው ቅጠል ሁሉ ጠቆረ። በቲሌቪዥን 3 ዲግሪ ነው ብለው ነበር እኮ።

አሮጌ ቆብ፦
ልጄ፣ ያ 3 ዲግሪ የሚለካው ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል፣ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ጥርት ባለ ሌሊት መሬቱ ጋ ከዚያ በብዙ ይወርዳል። ላስቲክ ደግሞ ቅጠል ከነካ ብርዱን ቀጥታ ያስተላልፋል፣ በቆርቆሮ ወይም በእንጨት ከፍ አድርገሽ ወጥሪው። ጨርቅ ይሻላል፤ አንሶላ፣ ጆንያ፣ ስስ ብርድ ልብስ። ዋናው ግን እስከ መሬት ይድረስ። አንዳንዱ ሰው አናቱን ሸፍኖ ግንዱ ላይ ያስረዋል፣ ሙቀቱ የሚመጣው ከአፈሩ መሆኑን ረስቶ። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አፈሩ ሙቀቱን ሳይጥል አልብሺው፣ ጠዋት ሲሞቅ ግለጪ።

ባልዲ ቆጣሪ፦
እኔ ውሃ ስጡ የምለው እዚህ ጋ ነው፣ ይገርማችኋል። ቀን ላይ አፈሩን አርጥቡት። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ይይዛል፣ ሌሊት ቀስ እያለ ይሰጣል። ለዚህ ጥቂት ባልዲ ይበቃል፣ 2,400 ሊትር አይደለም። ደረቅ ጉዝጓዝ ያነጠፋችሁም ለዚያች ሌሊት ከችግኙ ዙሪያ ግፉት፣ የአፈሩን ሙቀት ታች አፍኖ ነው የሚያስቀረው። ደግሞ የቲማቲም ችግኝ ላይ ሌሊቱን ሙሉ በረዶ መጫን… ግንዱ በክብደቱ አይሰበርም?

ችግኝ አፍቃሪ፦
ሦስት ተሰብሮብኛል። ልናገር አልፈለግኩም።

የግርጌው መደብ፦
ሃሃ። አሁን ወጣ።

አስተባባሪ፦
በቃ፣ ድምፅ የምንሰጠው እሁድ ነው። ሦስተኛ ሐሳብ ጨምሬያለሁ፦ ቀን ላይ አፈር ማርጠብ ይፈቀድ፣ ሌሊት መርጨት ለግርጌዎቹ መደቦች ብቻ በተራ ይሁን፣ አጥሩም ከሥሩ ይከፈት። ለዛሬ ማታ ደግሞ 2 ዲግሪ ተብሏል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ቅጠል አይነቃነቅም።

ችግኝ አፍቃሪ፦
ትርፍ አንሶላ ያለው ሰው አለ? 14 ችግኝ ነው የቀረኝ።

ባልዲ ቆጣሪ፦
ሁለት አለኝ። አንዱ ቀዳዳ ነው። ሳይመሽ ና።