የሮማ ነሐስ ሳንቲም ላይ አረንጓዴ ዱቄት ወጣ፤ በሎሚ ልጠበው?

ጠያቂ፦ ከጨረታ የተገዛ ነው፤ ስፋቱ 17 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 2.3 ግራም። ፊቱ ላይ የቅጠል አክሊል የደፋ ወጣት፣ ጀርባው ላይ ሁለት ወታደሮችና በመካከላቸው ሁለት ዓርማ አለ። ከግርጌው «ኤስ ኤም ኤ» ይነበባል፤ አራተኛው ፊደል ተበልቷል። አንገቱ ጋ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት አለ፤ ሲጠረግም ተመልሶ ይመጣል። የማን ነው? በሎሚ ልጠበው?

ባለሚዛኑ፦ ወንድሜ፣ ሎሚም ኮምጣጤም አታስነካው! አሲድ በዕድሜ ብዛት ላዩ ላይ የያዘውን ሽፋን ሲገፍ ፊደሉንም ይዞት ይሄዳል። ጀርባው «ግሎሪያ ኤክሰርሲቱስ» (የሠራዊቱ ክብር) የሚባለው ዓይነት ነው። ዓርማው ሁለት ስለሆነ ከ330 እስከ 335 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው፤ ባለ አንዱ ከዚያ በኋላ የመጣ ሲሆን ክብደቱም ወደ 1.5 ግራም ይወርዳል። የቅጠል አክሊሉ ከቆስጠንጢኖስ ልጆች አንዱ መሆኑን ይጠቁማል፤ አባትየው በዚህ ዓይነት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ባለ ጌጥ ዘውድ ነው። በፊቱ ዙሪያ «ኮንስታንቲኑስ ዩን ኖብ ሲ» (ታናሹ ቆስጠንጢኖስ፣ ክቡር ቄሣር) ካለ ዳግማዊ ቆስጠንጢኖስ ነው። የግርጌው ፊደል የተሠራበትን ከተማ ይናገራል፤ ለአራተኛው ፊደል የስልክህን ባትሪ ከጎን አብራበት። ሁለት ቋሚ እግር ከታየህ «ኤን» ነው፣ አንጾኪያ ማለት ነው፤ አንድ ብቻ ከሆነ «ኤል»፣ እስክንድርያ።

ኬሚስቷ፦ ዱቄቱ የነሐስ በሽታ የሚሉት ነው። ብረቱ ውስጥ የተቀበረ ክሎራይድ (ከጨው የሚመጣ ነገር) እርጥበትና አየር ሲያገኝ አሲድ ይፈጥራል፣ አሲዱ ነሐሱን ይበላል፤ ላዩን መጥረግ ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው። በስቴኪኒ ነካ አድርገው፦ ጤነኛ ሽፋን አይፈርስም፣ ይሄኛው ይፈረፈራል። በአጉሊ መነጽር እያየህ ዱቄቱን አራግፍና ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፤ ውሃውን በየቀኑ ቀይር። የቧንቧ ውሃ ራሱ ክሎራይድ ስላለው አይሆንም። ካልቆመ 50 ግራም ሶዲየም ሴስኪካርቦኔት (የሶዳ ዓይነት ዱቄት) በ1 ሊትር ዲስቲልድ ውሃ በጥብጠህ እዚያ አቆየው፣ በየሳምንቱ ቀይረው። የሽፋኑን ቀለም ሊለውጥ ስለሚችል ግን መጀመሪያ ፎቶ አንሳው። ከዚያ በዲስቲልድ ውሃ አለቅልቀህ አሴቶን ውስጥ ንከረው፤ የቀረውን ውሃ ያወጣዋል። መስኮት ክፈት፣ እሳት አጠገብህ አይኑር።

የድሮ ሳንቲም፦ ከደረቀ በኋላ በደንብ የሚገጠም ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል (እርጥበት መጣጭ ፍሬ) ጋር አስቀምጠው፤ የዕቃው አየር እርጥበት ከ40 በመቶ በታች ይሁን። ለስላሳው የፒቪሲ (ፕላስቲክ) የሳንቲም ኪስ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር ያመጣል፣ አትጠቀምበት። የአክሱም ነሐስ ሳንቲም ያለውም ሰው አያያዙ ይኸው ነው። የጨረታውን ደረሰኝ አትጣል፤ ሳንቲሙ ከየት እንደመጣ የሚመሰክርልህ እሱ ነው።

ጠያቂ፦ አሴቶኑ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ቢሆንስ?

ኬሚስቷ፦ አይሆንም፤ ሽቶና ዘይት ይቀላቀልበታል፣ ሳንቲሙ ላይ ይቀራል። ንጹሕ አሴቶን ከቀለም መሸጫ ጠይቅ።