የተፈጨው ቪትሪመር በፕሬስ አልገጥም አለኝ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ ጥናቴ ቪትሪመር፣ ማለትም ከጠነከረ በኋላ በሙቀት እንደገና የሚቀረጽ ኢፖክሲ እየሠራሁ ነው። ተመራማሪው ሉድቪክ ሌብለርና ባልደረቦቹ በ2011 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ያሳዩትን ነው የተከተልኩት፦ የኢፖክሲ ሬዚን፣ ግሉታሪክ አንሃይድራይድ (ማጠንከሪያው)፣ የዚንክ ካታሊስት (ምላሹን የሚያፋጥን)። አንሃይድራይዱንና የኢፖክሲ ቡድኑን (ሬዚኑ ላይ ያለውን ምላሽ የሚሰጥ ክፍል) በሞል እኩል አደረግኳቸው። በ140 ዲግሪ አጠነከርኩት፣ ፈጨሁት፣ በ180 ዲግሪ አንድ ሰዓት ፕሬስ አደረግኩት። የወጣውን ክብ ቁራጭ ወደ መስኮት ሳነሳው በቅንጣቶቹ መካከል ነጫጭ መስመር ይታያል። በአውራ ጣቴ ስጫነው እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። የማስረከቢያ ቀኔ ደርሷል፤ እባካችሁ ምን አጠፋሁ?

አቤል፦ ሙቀቱ አንሶሽ ይሆናል። ወደ 220 አድርጊውና ሞክሪ።

ሳራ ኬሚስት፦ አቤል፣ ሙቀት ብቻውን እዚህ አይፈታውም። እህቴ፣ ችግሩ ልኬቱ ላይ ነው። አንዱ አንሃይድራይድ ሁለት እጅ አለው። እኩል ስታደርጊ ሁለቱም እጆች ኤስተር የሚባለው ማሰሪያ ሆነው ይታሰራሉ፣ ነፃ ሃይድሮክሲል (የOH ቡድን) አይተርፍም ማለት ይቻላል። ማሰሪያው የሚለዋወጠው ግን ነፃ ሃይድሮክሲል የጎረቤቱን ኤስተር ሲይዝ ነው፤ አዲሱ ሲታሰር አሮጌው ይለቀቃል። የተሳሰሩት ሞለኪውሎች መረብ ሳይፈርስ ቅርጹ የሚቀየረው በዚህ ነው። ስለዚህ ለ1 ሞል የኢፖክሲ ቡድን 0.5 ሞል አንሃይድራይድ አድርጊ፣ እነ ሌብለርም የሠሩት በዚህ ልክ ነው። አደራ፣ በቡድን ቁጠሪ! አንዱ የሬዚን ሞለኪውል ሁለት የኢፖክሲ ቡድን አለው፤ እኔ ራሴ እዚህ ላይ ተሳስቼ አንድ ወር አቃጥያለሁ።

የላብ ልጅ፦ ከሳራ ጋር ነኝ። ዚንኩም ሙሉ በሙሉ ሳይሟሟ እንዳታፈሺው፣ ነጭ ነጥብ ከታየሽ ገና ነው። ዱቄቱን ከፕሬስ በፊት በቫክዩም ኦቭን አድርቂው።

ሙሉ፦ ፕሬሱን ከመድገምሽ በፊት በቁራጩ ውስጥ ያለው ውጥረት (ስትረስ) እንዴት እንደሚረግብ ለኪ። ቁራጩን በሙቀት ወጥረሽ ያዢው፤ ኃይሉ ወደ መጀመሪያው 37 በመቶ እስኪወርድ የፈጀውን ጊዜ መዝግቢ። ያ ጊዜ ሰዓታት ከሆነ፣ ፕሬስ ውስጥ አንድ ሰዓት እንደማይበቃ ታውቂያለሽ። መረብ መሆኑን ለማየት ደግሞ ቁራጭ ቶሉይን (ማሟሚያ ፈሳሽ) ውስጥ ዘፍዝፊ፦ ቢያብጥም መሟሟት የለበትም።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! በግማሽ አድርጌ ደገምኩት፣ ፕሬስ ላይም ሦስት ሰዓት አቆየሁት። መሃሉ ጥርት ብሎ ገጠመ። ጠርዙ ላይ ግን መስመሩ አሁንም አለ።

የላብ ልጅ፦ ጠርዙ ጋ ግፊቱ ይላላል። ዙሪያው ዝግ የሆነ የብረት ቅርጽ ተጠቀሚ፣ ዱቄቱንም ትንሽ ጨምሪ። የመጀመሪያውን ብልሽት እንዳትጥይው፣ ለጥናትሽ ማነጻጸሪያ ይሆንሻል።