ጂሊብሲ ኮንፊገር ላይ ቀጥ ይልብኛል፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለራስፕበሪ ፓይ የሚሆን የአርም ክሮስ ኮምፓይለር (አንድ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ለሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ፕሮግራም የሚያዘጋጅ) ኡቡንቱ ላይ ከሶርስ ኮድ እየገነባሁ ነው። ቢንዩቲልስ (አሰምብለሩና ሊንከሩ) አልፏል፤ የመጀመሪያው ዙር ጂሲሲም (ኮምፓይለሩ) አልፏል። ጂሊብሲ (የሲ ቋንቋ መሠረታዊ ላይብረሪ) ጋ ስደርስ ኮንፊገር (ከግንባታ በፊት ሲስተሙን የሚፈትሸው ስክሪፕት) «ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ አሁን ያለህበትን ፎልደር መያዝ የለበትም» ብሎ ይቆማል። ቫርያብሉ ፕሮግራሞች ላይብረሪ የሚፈልጉባቸውን ፎልደሮች የሚዘረዝር ነው፤ እኔ ግን ኦፕት ሥር ካለ አንድ ፎልደር ሌላ ምንም አላስገባሁበትም። ባሽአርሲ (ተርሚናል ሲከፈት የሚነበበው ፋይል) ላይ የጻፍኩት እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የቫርያብሉ የድሮ ዋጋ፣ ከዚያ ኮለን (:)፣ ከዚያ ፎልደሩ። መብራት ሳይሄድብኝ ድረሱልኝ።

የሸዋ ሮቢቱ፦
አንተ ባታስገባውም ኮለኑ አስገብቶልሃል። የድሮው ዋጋ ባዶ ስለሆነ መስመርህ በኮለን ይጀምራል፤ ከኮለኑ በፊት ያለው ባዶ ደግሞ «አሁን ያለሁበት ፎልደር» ተብሎ ነው የሚነበበው። ኢኮ አድርገህ (ዋጋውን አሳትመህ) እየው። መጨረሻ ላይ የተንጠለጠለ ኮለን ወይም መሐል ላይ የተደራረቡ ሁለት ኮለኖችም ያው ናቸው። ለጊዜው ቫርያብሉን አንሴት አድርገውና (አጥፋውና) ኮንፊገርን እንደገና አስነሳ።

እመቤት ከመንዝ፦
ልክ ነው፤ ባሽአርሲውን ካላስተካከልከው ግን አዲስ ተርሚናል በከፈትክ ቁጥር ይመለሳል። ያን መስመር ብታጠፋው ይሻላል። ለአንድ ፕሮግራም ብሎ ቫርያብሉን ለሁሉም ኤክስፖርት ማድረግ ጦሱ ብዙ ነው፤ ፕሮግራሙን ስታስነሳ ብቻ ከፊቱ ጻፈው።

ጠያቂ፦
አለፈ! እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ደግሞ ሶርሱን ለማዘጋጀት ያወረድኩት ስክሪፕት «አንኤክስፔክትድ ኦፐሬተር» ይላል። ጓደኛዬ ጋ ፌዶራ ላይ ያለችግር ይሠራል።

የሸዋ ሮቢቱ፦
ዳሽ ነው፤ እንደ ባሽ ሁሉ ሼል (ትዕዛዝና ስክሪፕት የሚያስኬድ ፕሮግራም) ነው። ኡቡንቱ ከ2006 ጀምሮ ቢን ሥር ያለውን ኤስኤች (የሲስተሙን መደበኛ ሼል) ወደ ዳሽ አዙሮታል፤ ፌዶራ ላይ ግን ባሽ ነው። ስክሪፕቱ በነጠላ ቅንፍ ውስጥ ሁለት እኩል ይሆናል ምልክት (==) ተጠቅሞ ይሆናል፤ ባሽ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፣ ዳሽ ግን አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው። ወይ አንዱን ምልክት አጥፋ፣ ወይ የስክሪፕቱን የመጀመሪያ መስመር ወደ ባሽ ቀይር። ኮንፊገር ራሱ እንዲህ ካስቸገረህ «ኮንፊግ_ሼል» የሚለውን ቫርያብል ቢን ሥር ወዳለው ባሽ አድርገህ፣ በአዲስ ባዶ የግንባታ ፎልደር ጀምር።

ሌላ አባል (ደብረ ሲና)፦
ምን አደከማችሁ፣ ኤስኤችን ራሱን ወደ ባሽ ማዞር ነዋ!

እመቤት ከመንዝ፦
ሊኑክስ ፍሮም ስክራች (ሊኑክስን ከዜሮ ከሶርስ ኮድ የመገንባት ፕሮጀክት) የሚገነባ ሰው እንደዚያ እንዲያደርግ መመሪያው ራሱ ያዝዛል። ለአንዲት ስክሪፕት ሲባል ግን የሲስተሙን ሼል አልነካም። ይልቅ መብራቱ ካሳሰበህ ክሮስቱል-ኤንጂ (ክሮስ ኮምፓይለርን በራሱ የሚገነባ መሣሪያ) ሞክር፤ ሜኑው ላይ በየደረጃው የደረሰበትን እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ይቻላል። መብራት ቢሄድ የቆመበትን ደረጃ ስም ጽፈህ የመደመር ምልክት ስትጨምርበት ከዚያው ይቀጥላል። ዲስክ ግን ይበላል፣ ቦታ አስለቅቅ። ደግሞ በሩት (በአስተዳዳሪ አካውንት) አትጀምረው፣ እምቢ ይልሃል።